ሽማግሌ የሚልክ ስልክ

አንድ ድንኳን፣ መቶ ሃያ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሦስት ትልልቅ ብረት ድስት። በዚያ ሰሞን አደጋ ላይ የወደቀብኝ ንብረት ይኸው ነው። በብር ስንት ያወጣል ትሉኝ እንደሆነ አስቤዋለሁ፤ ግን አልነግራችሁም። የእድር ዕቃ በገበያ ዋጋ ሲጠራ ደስ አይልም። ብቻ የልጄ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይህ ሁሉ ዕቃ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ደግሞ እኔን አኩርፎኝ ነበር ብላችሁ ያዙልኝ።

ምን አኳረፋችሁ አትሉም? የአጥር ድንበር? ብድር? ኧረ የለም! ስልክ ላይ የምትወጣ፣ ከሁለት ቃል የማትበልጥ ጽሑፍ ናት።

እኔ አቃቂ በሰቃ የብረታ ብረት ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። ሱቁን ያወረሰኝ የለም። ከየግንባታው የተጣመመ ምስማር እየለቀምኩ፣ ድንጋይ ላይ በመዶሻ እያቃናሁ፣ በፍሬ እየሸጥኩ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ መቁጠር በደሜ ውስጥ ገብቷል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ምሰሶ ስቆጥር ባለቤቴ የሺ በክርኗ ትጎሽመኛለች። የሰፈሩ ሰው የእድር ዳኛ አድርጎ የመረጠኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ዳኛ ሲባል ፍርድ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ተተከለ ወይ፣ ወንበር ጎደለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ ሳይጀምር በነበሩት ዓመታት ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጉልበቱን እያመመው ሰፈሩን ማዳረስ አቃተው። የጎረቤቴ ልጅ ትዕግሥት ኮምፒውተር ተምራ፣ ቦሌ አንድ ቢሮ ፕሮግራም ትሠራለች። “ጋሼ፣ እድሩን ስልክ ላይ ላውጣላችሁ” አለችኝ። በስንት አልኳት። በነፃ አለች። ነፃ ነገር ያስፈራኛል፤ ቢሆንም ጥሩምባ ነፊው ጉልበቱን ይዞ ሲያነክስ አየሁና እሺ አልኩ።

ሠራችው። ሰው ሲሞት ኮሚቴው አንድ ጊዜ ይጽፋል፣ የአባላቱ ስልክ በሙሉ “ድንግ!” ይላል፣ አለቀ። አባላትም ስለ እድሩ ጉዳይ እዚያው መጻፍ ይችላሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ባትኖር ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

ምክንያቱም ግርማ ነበረ። ግርማ ጓደኛዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ እሱ በወጣ በጥቂት ዓመት ባቡሩም ጡረታ ወጣ። ሚስቱን ከቀበርንለት ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ግቢው ሰፊ፣ እጁ ጠንቃቃ ስለሆነ የእድሩ ዕቃ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። አንድ ወንበር እግሯ ቢሰበር ለሁለት ቀን ምግብ አይበላም። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ታዲያ ግርማ ስልክ ገዛና የእድሩ ገጽ ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ “ድንግ!” የሺ ከአልጋዋ ተፈናጥራ ተነሳች። ሳታነብ ማልቀስ ጀመረች።

“ማን ነው? ማን ነው የሞተው?”

መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩ። “ባቡር ነው” አልኳት።

“ወይኔ! ባቡር ገጨው?”

“የለም፣ አልገጨም። ከድሬዳዋ የተነሳው ባቡር ሞጆን አልፏል ነው የሚለው።”

“የትኛው ባቡር?”

የትኛው ልበላት? ጥቂት ቆይቶ “ድንግ!” ባቡሩ ደብረ ዘይትን ለቀቀ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ “ድንግ!” ባቡሩ አቃቂ ደረሰ፤ ተሳፋሪዎች ዕቃችሁን እንዳትረሱ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሎ ፍየል በሚግጥበት ዘመን፣ የግርማ ባቡር በየማለዳው አንድ ደቂቃ ሳያዛንፍ ይገባል። ሰፈሩም በየማለዳው ሦስት ጊዜ ልቡ ይቆማል። ሰዎች ሱቄ ድረስ እየመጡ አቤት አሉ። አንዱማ ምስማር ሊገዛ መጥቶ በድንጋጤ ብዛት ደም ግፊት ያዘኝ ብሎ ዋጋ ቀንስልኝ አለኝ።

ትዕግሥት ሰማችና ሳቀች። “ጋሼ፣ ይሄ ቀላል ነው። ሥርዓት ማስከበሪያ እጨምርላችኋለሁ። ጽሑፍ የምታነሱበት፣ ሰው ዝም የምታሰኙበት፣ ሲብስም የምታስወጡበት። ፕሮግራሙ ውስጥ በእንግሊዝኛ አለ፤ አማርኛውን ብቻ ምረጡልኝ።”

ብቻ! ሸምሱን ጠራሁት። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ በሰቃ ሸቀጥ ሱቅ የከፈተ፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው። ሲናገር ስኳር እንደሚመዝን ሰው ነው፤ ቆንጠር አድርጎ ይጨምራል፣ ሚዛኑን ያያል፣ እንደገና ይጨምራል። ከትዕግሥት ጋር ሦስታችን ከሱቄ ጓዳ ፌሮ ላይ ተቀመጥን።

“ጽሑፉን ለማንሳት ‘ሰርዝ’ በይው” አልኩ ቶሎ ለመገላገል።

ሸምሱ ራሱን ነቀነቀ። “ጋሽ ታደሰ፣ ስረዛ እኮ ከእድር መዝገብ ነው። ተሰረዘ የተባለ ሰው ቀባሪ የለውም። አንድ ባቡር ስለጻፉ ጋሽ ግርማ ቀባሪ ይጡ?”

እውነት ነው። “እሺ፣ ‘ታግዷል’ ይባል።”

“እሷን ቃል ሱቄ በር ላይ ለጥፈውብኝ ያውቃሉ። ዛሬም ሳያት የሱቄን ቁልፍ እዳስሳለሁ።”

“‘ተሰናብቷል’ ብንልስ?”

ይቺን ራሴው ተውኳት። ከአባሎቻችን ግማሹ የፋብሪካ ሰው ነው። ፋብሪካው በተሸጠ ጊዜ በዚያች ቃል የተጻፈ ደብዳቤ በየቤቱ ገብቷል። ‘ማስጠንቀቂያ’ ደግሞ መብራት ሊቆረጥ ሲል በር ላይ የምትለጠፍ ናት። እኔ ለቀልድ ያህል “እንግዲህ ‘ታስሯል’ እንበላ” ብል ሸምሱ በመስኮቱ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ አየና፣ “ከማረሚያ ቤቱ በአንድ ባጃጅ የምንደርስ ሰዎች እንዲህ አንቀልድ” አለኝ።

ትዕግሥት እርሳሷን ነክሳ ትጠብቃለች። “አንድ ሌላም አለ” አለች። “አባላት የሚያስከፋ ነገር ሲያዩ ለእናንተ የሚያሳውቁበት። ‘ጠቁም’ ልበለው?”

ሸምሱ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ተመለሰ።

“የተጠቆመው ሰው ማን እንደጠቆመው ያውቃል?” አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

“አያውቅም! ምስጢር ነው” አለች፣ ደስ ይበላችሁ በሚል ዓይነት።

“ልጄ፣ እሱ አለን። ደግመሽ አትሥሪው።”

ዘመኑን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ የማታስታውሱ አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ እነሱም መጀመሪያ በር ገርበብ ያደርጋሉ።

እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርን። አንድም ንጹሕ ቃል አጣን። ሰው የሚቀጣበት ቃል ሁሉ አንዱ ቢሮ ቀድሞ ተጠቅሞበት፣ አንዱ በር ላይ ተለጥፎ፣ የአንዱን ቤት አፍርሶ ያለፈ ነው። ያገለገለ ምስማር አቃንቼ ሀብታም የሆንኩ ሰው፣ አንዷን ቃል ማቃናት አቃተኝ።

በመጨረሻ ሸምሱ፣ “ለመሆኑ እኛ ሰው ሲያጠፋብን ምን እንለዋለን?” አለ። ይሄ ነው መንገዱ! የራሳችንን ቃል እንጠቀም። እንዲህ ተስማማን። ጽሑፍ ሲነሳ፣ “ጽሑፍዎ በአደራ ተቀምጧል” ይላል። ሰው ሲያበዛ፣ “አረፍ ይበሉ” ይላል። አልሰማ ብሎ ለአንድ ቀን ከገጹ ሲወጣ ደግሞ፣ “ሽማግሌ ተልኮልዎታል።” ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ማንንም የማያስቀይም።

ትዕግሥት ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆማ፣ “ጋሼ፣ ሽማግሌው ግን በእውነት ይሄዳል?” አለችኝ።

“ለምን ይሄዳል? ቃሉ ይበቃል” አልኳት።

ይቺን ንግግሬን ያዙልኝ። ብዙ አስወጥታኛለች።

መጀመሪያ የመጣው የአደራው ጣጣ ነው። አንድ ሰው ጽሑፉ በአደራ ተቀምጧል ከተባለ ምን ያደርጋል? ይመጣል፣ ይጠይቃል። ሱቄ የአደራ መሥሪያ ቤት ሆነ። “ታደሰ፣ ትናንት ያስቀመጥክልኝን ስጠኝ” ይለኛል አንዱ። እኔ ከፌሮና ከቆርቆሮ መሀል የማንን ጽሑፍ ላውጣ? ትዕግሥት እያተመች ትልክልኝ ጀመር፤ እኔም እየቆጠርኩ በእጃቸው አስረክባለሁ። አንዷ ጎረቤታችን የራሷን ስትቀበል አገላብጣ አይታ፣ “ሳስቀምጥ ከዚህ ረዘም ይል ነበር” ብላ ጠረጠረችኝ። እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቡሎን አጉድዬ የማላውቀውን!

ከዚያ “አረፍ ይበሉ” መጣ። መቼም ጨዋ ሰው በአንድ ጊዜ ጥሪ አይቀመጥም። ስልኩ አረፍ ይበሉ ሲላቸው “ግድ የለም፣ ቆሜ ይሻለኛል” ብለው ይጽፉና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ለትዕግሥት ነገርኳት። “ስንት ጊዜ ይለመኑ?” አለች። ሦስት አልኳት። ሦስተኛው ላይ “በሞቴ” ካልተባለ ማንም እንደማይቀመጥ ሸምሱ አከለበት፤ እሷም እንደተነገራት ሠራችው። ስልኩ፣ “በሞቴ አረፍ ይበሉ” ማለት ጀመረ።

በማን ሞት? ማሽን ሞት የለውም። ጽሑፉ የሚወጣው በእድሩ ዳኛ ስም ነው። ስለዚህ በእኔ! ቀኑን ሙሉ፣ በማላውቀው ሰዓት፣ ለማላውቀው ሰው፣ በእኔ ሞት ይማላል። የሺ ስልኳን ስታይ ስሜን አገኘችው። “አንተ ሰው፣ ለልጅህ ሠርግ ሳምንታት ቀርተው ሞትህን እንዲህ ታረክሰዋለህ?” አለችኝ። ረክሷል ወይ ብዬ ቆጠርኩ። በጣም ረክሷል።

ግርማ ግን በአደራም አልተያዘ፣ በሞቴም አልተቀመጠ። ባቡር በሞት አይቆምም አለ። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የሺ ለሦስተኛ ጊዜ ስታለቅስ፣ ተናደድኩና የመጨረሻዋን ተጫንኳት። ለሁሉም አባላት ወጣ፦ “ለአቶ ግርማ ሽማግሌ ተልኮላቸዋል።”

ሥራዬን ቀጠልኩ። ረሳሁት።

ግርማ ግን ምን አደረገ መሰላችሁ? ሽማግሌ ተልኮልዎታል ተባለ አይደል? ግቢውን ጠረገ። ከእድሩ ዕቃ ውስጥ ሦስት ወንበር አውጥቶ ወለወለና ደረደረ። ለስላሳ ገዛ፣ ብርጭቆ ከጎረቤት ተዋሰ፣ ኮቱን ለበሰና በር በሩን እያየ ተቀመጠ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ “ሽማግሎቹ መጡ?” ይለዋል። “መንገድ ላይ ናቸው” ይላል። መሸ። ማንም አልመጣም።

አሁን ራሳችሁን በእሱ ቦታ አስቀምጡ። መቀጣት ምንም አይደለም፤ ሰው ነው፣ ያጠፋል፣ ይቀጣል። ሽማግሌ ተልኮበት ሽማግሌ የቀረበት ሰው ግን በአቃቂ ታይቶ አይታወቅም። ሊወቅሱት እንኳ የማይመጡለት ሰው ምኑን ሰው ነው?

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ “ድንግ!” አለ። “ከድሬዳዋ የተነሳው ባቡር አቃቂ ደርሷል። ሽማግሌ አልጫነም።”

በሚቀጥሉት ሳምንታትም ባቡሩ በየማለዳው ሲደርስ ሽማግሌ አልጫነም። እንደገና ልከለክለው አልደፈርኩም። ድንኳኑን ለሠርጉ እንድታስመዘግብ የሺን ብልካት፣ ግርማ በአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ፣ “ለታደሰ ድንኳን ተልኮለታል በይው፤ ይጠብቅ” አላት።

ሌላ ድንኳን ልከራይ ሄድኩ። ዋጋውን ሲነግሩኝ መልሼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ከዚህስ እርቅ ይሻላል አልኩና ሸምሱን ለመንኩት፤ ሁለት አዛውንት ጨምሮ ሐሙስ ዕለት ሄደ። ሠርጉ እሑድ ነው። ላኪ አብሮ አይገባምና እኔ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የባጃጁም ሒሳብ ይቆጥራል።

ሸምሱ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ልዩ ነበር።

“ታረቀ?” አልኩት።

“ጋሽ ግርማ ምን አሉ መሰለዎት? ‘እናንተ ለየትኛው ናችሁ? ሊወቅሱኝ የተላኩት ናችሁ ወይስ ይቅርታ ሊሉኝ የመጡት?’ አሉን። ‘ለይቅርታ’ አልን። ‘ሐዲዱ ነጠላ ነው’ አሉን። ‘የመጀመሪያው ጣቢያ ሳይገባ ሁለተኛው አይለቀቅም።’”

“እና?”

“እና ምን እናድርግ? ወቀስናቸው። ‘ሰው በማለዳ እየደነገጠ ነው፣ ነውር ነው’ አልናቸው። ኮታቸውን ቆልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙን። ‘ገብቶኛል፣ ተግሣጹን ተቀብያለሁ’ አሉ። ለስላሳ አጠጡን። የይቅርታው ደግሞ ቅዳሜ ይምጣ፣ መስመሩ እስኪጸዳ ነው አሉ።”

ቅዳሜ! ድንኳን ተከላው ዓርብ መጀመር አለበት። ያን ዕለት እንቅልፌን በግማሽ ተኛሁት።

ዓርብ ጎህ ቀደደ። ሳላውቀው ጆሮዬ ሞጆን ይጠብቃል። ሞጆ የለም። ደብረ ዘይት የለም። የሺ ቁጭ አለች።

“ግርማ ምን ሆነ?”

“ኔትወርክ ይሆናል” አልኩ። ስልኩን አየሁት፤ በዓመት አንዴ የማየው ኔትወርክ ያን ቀን ሙሉ ነው።

“ብቻውን እኮ ነው የሚኖረው” አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

ስንወጣ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ነው። ማንም ማንንም አልጠራም፣ ጥሩምባ አልተነፋም፣ ስልክ አልጮኸም። ስልኩ ስላልጮኸ ነው ሁሉም የወጣው። እየተጓዝን ተጠራቀምን፤ ግርማ በር ስንደርስ ስልሳ ሦስት ሰው ነበርን። ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል። ሸምሱ በሩን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ተከፈተና ግርማ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የጥርስ መፋቂያውን ነክሶ ብቅ አለ። ሕዝቡን አየ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ፊቱ ተለወጠ።

“ማን ሞተ?” አለ።

እሱ ራሱ አንድ በአንድ እያየን ይቆጥር ጀመር፤ ማን እንደጎደለ ሊያውቅ።

“እርስዎ” አለው ሸምሱ፣ አክብሮት ሳያጓድል።

ግርማ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። “እኔ እንኳ ተግሣጹን ላክብር ብዬ ነበር” አለ። ከዚያ ፈገግ ሊል ነው ስንል ተቆጣ። “ታዲያ ስልሳ ሰው ለቅሶ ሲወጣ ድንኳን የማይጠየቀው ለምንድነው? እድር አይደለንም እንዴ?”

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። አያችሁ፣ ለልጄ ሠርግ እንዳይሰጠኝ የቅዳሜው ሽማግሌ ገና አልገባም። ለለቅሶ ግን የእድር ድንኳን በኩርፊያ አይከለከልም። ስለዚህ ለራሱ ለቅሶ ድንኳኑን አወጣው። ወንበሩንም፣ ድስቱንም። ሕዝቡ ብረቱን ትከሻው ላይ ካነሳ በኋላ ግን የት ይተከል የሚል ጥያቄ መጣ።

“የእኔ ግቢ ዕቃ ሞልቶበታል” አለ ግርማ፣ ባዶ ግቢው መሀል ቆሞ፣ እኔን ሳያይ። “ሰፋ ያለ የተጠረገ ግቢ ያለው ታደሰ ነው። ደግሞ የለቅሶ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነቀልም። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ።”

የሺ ብረቱ ፊት ቆመች። “በልጄ ሠርግ የለቅሶ ድንኳን? ሟርት አይሆንም?”

“ምን ሟርት አለው?” አላት ግርማ። “ሟቹ ራሱ ካስማውን ይመታልሻል።”

መታውም። ሳይረፍድ ድንኳኑ ቆመ። ቅዳሜ የይቅርታው ሽማግሌ ስለ ሥርዓቱ ሲባል ሄዶ፣ ግርማን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲደረድር አገኘውና እዚያው ታረቅን። እሑድ ሠርጉ ደራ። ሙሽሮቹ ሲገቡ “ድንግ!” አለ፤ የሰው ሁሉ ስልክ በአንድ ጊዜ። ባቡሩ በሠርግ ምክንያት ዘግይቶ አቃቂ ደርሷል። ማንም አልደነገጠም፤ ሁሉም ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ትዕግሥትም የሥርዓት ማስከበሪያውን ቃላት አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ “በሞቴ”ን መጀመሪያ እንድታወጣ እኔ ነኝ የለመንኳት።

ሒሳቡን ልዝጋ። ትርፌ የድንኳን ኪራይና የተከላ ሠራተኛ ዋጋ ነው፤ ሁለቱም ቀሩልኝ። ኪሳራዬ ደግሞ የባጃጁ ጥበቃ አለ፣ ከሁሉ በላይ ግን ቁርሱ። ስልሳ ሦስት ሰው ተክሎልኝ ባዶ ሆዱን ላሰናብተው? ለሠርጉ የተጋገረውን ድፎ ዳቦ ቆርሼ አበላሁ። ዓርብ ቢሆንም ከፋሲካ በኋላ ስለነበር አይጾምም፤ ግርማ በጾም ቢሞት ኖሮ ቢያንስ እሱ ይቀርልኝ ነበር። ደምሬ ስቀንስ ቁርሱ ብቻውን ከኪራዩና ከተከላው በለጠ። በግልጽ ከስሬአለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ሞጆ ትንሽ ከዘገየ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምነቃው እኔ ነኝ። ሌላው ነጠላውን ሳያዘቀዝቅ፣ በር ሳይከፈት፣ ቶሎ እደውልለታለሁ። “ግርማ፣ ባቡሩስ?” እለዋለሁ። የአንድ ደቂቃ ጥሪ ከስልሳ ሦስት ሰው ቁርስ ይረክሳል።